የአዋሽ ሙላት

የአዋሽን ታሪክ ከጭራው መጀመር ይሻላል። ወንዙ ከግንጪ በላይ ካለው ደጋ ይነሣል፤ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ መልካ ቁንጡሬን አልፎ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ፣ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ ያልቃል። ማለቂያው ኢትዮጵያና ጅቡቲ የሚዋሰኑበት አቤ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጨዉን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ አዋሽ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። ላይ የተጠለፈ ውሃ ታች ይጎድላል፤ ላይ የተደፋ ቆሻሻም ታች ይጠጣል።

ከሐይቁ ቀደም ብሎ፣ አሳይታ ዙሪያ፣ አውሳ የሚባለው ምድር አለ። ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። የወንዙ ምንጭ ያለበት ደጋ ግን 1,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ያገኛል። የአውሳ ሰው የሚኖረው ግንጪና በቾ ላይ በወረደ ዝናብ ነው ማለት ነው። ደጋው ላይ ክረምቱ ሲጠና ወንዙ ይሞላል፣ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል፣ ደለሉን ይጥላል፣ ክረምቱ ሲወጣ ይሸሻል። የሸሸበት መሬት ሣር ያበቅላል። አፋሮች ካርማ በሚሉት የክረምት ዝናብ ከብትና ግመላቸውን ከወንዙ ርቀው ያሰማራሉ። ያ ሣር ሲያልቅና በጋው ሲከር ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳሉ፤ እዚያ ሙላቱ ያስቀመጠላቸው ግጦሽ ይጠብቃቸዋል። ለደጋው ገበሬ ጎተራ ምን እንደሆነ፣ ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳር መሬት ያንኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምተርከው ይህ ጎተራ እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ ነው።

አውሳን ለማየት የመጣ የውጭ ሰው ለረጅም ጊዜ አልቀናውም። በግብፅ መንግሥት አገልግሎት የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ጦር አስከትሎ ከታጁራ በኩል ሲገባ አፋሮች ሌሊት ደርሰውበት እሱም፣ ባለቤቱም፣ አብዛኛው ሠራዊቱም እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የአዋሽ ጭራ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ቆየ። ይህን ያህል ውሃ ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ለምን ባሕር አይደርስም? ይህን ጥያቄ ይዞ በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ የተነሣው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ነበር። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጫካ ውስጥ አስቀርቦ ካነጋገረው በኋላ አሳለፈው። ቴሲጀርም ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፣ ውሃው እዚያ እንደሚያልቅ በዓይኑ አየ፣ ከዚያ ወደ ታጁራ ወጣ። አፋሮች ሲወለዱ ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር የውጭው ዓለም የተረዳው ያኔ ነው።

ወንዙን መያዝ የተጀመረው ከላይ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ የአዋሽ ገባር በሆነው አቃቂ ወንዝ ላይ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው አባ ሳሙኤል ግድብ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ሆነ። ትንሽ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ደለል እየሞላው ሄደ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው።

በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ኤች ቪ ኤ ከሚባል የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ኩባንያው ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የእርሻ ሥራው አልመች ብሎት ሌላ አገር ሲያማትር የነበረ ነው። ከአዳማ ወረድ ብሎ ያለው የወንጂ ሜዳ ሙቀትም፣ ውሃም፣ ጥቁር አፈርም ስለነበረው መረጠው። ከዚያ በፊት ሜዳው የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች መሰማሪያ ነበር። አገዳው ተተከለ፣ ከአዋሽ ቦይ ተጠለፈ፣ በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካው ስኳር ማውጣት ጀመረ። ለአገሪቱ ታላቅ ነገር ነበር፤ ከየአቅጣጫው ሥራ ፈላጊ ወደ ወንጂ ጎረፈ።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። አገዳው የአዋሽን ውሃ ሲጠጣ ሠራተኛው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በሰፈሩ የተወለዱ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ይህን ሁሉም ያየዋል። ቀስ ብሎ የመጣው ከዚያ የባሰ ነው። ውሃውን ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደነደነ፣ አንገታቸው አልዞር፣ ወገባቸው አልታጠፍ አለ። ጎንበስ ብሎ አገዳ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። ውሃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች የተተከሉት ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ለሰብሉ የተመጠነው ውሃ ለሰውም ተመጥኖ ቢሆን ኖሮ የተለየ ታሪክ እንጽፍ ነበር።

አገዳ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይፈልጋል። አዋሽ ግን በክረምት እንደ ባሕር ይሞላና በበጋ በእግር የሚሻገሩት ይሆናል። መፍትሔው የክረምቱን ለበጋ ማስቀመጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ ግድብ ተመረቀ። 1.85 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንዲይዝ፣ 43 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውሃ ገሊላ ሐይቅ ተባለ። ትንሽ ቆይቶም አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት ማመንጫዎች ከግድቡ በታች ተከተሉ፤ ያው አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን እያዞረ ይወርድ ጀመር። የአዲስ አበባ መብራት ለብዙ ዓመታት ከዚህ ወንዝ ነበር።

ቆቃ ለወንዙ ያደረገለትንና ያደረገበትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የበጋው ውሃ ጨመረ፤ ከግድቡ በታች ያለ እርሻ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚተማመንበት ፍሰት አገኘ። በክረምት ይወርድ የነበረው ደራሽ ውሃም ረገብ አለ። በእርሻ መሐንዲስ ዓይን ይህ ሁለት ጊዜ ድል ነው። በአፋር ከብት አርቢ ዓይን ግን ሁለተኛው ድል የጎተራው በር መዘጋት ነው፤ ሙላቱ ካልደረሰ ሜዳው ሣር አያበቅልም። በዚያ ዘመን በተጻፉ የእቅድ ወረቀቶች ከዳርቻው የሚወጣው ውሃ የሚቆጠረው እንደ ጥፋት ወይም እንደ ብክነት ነው። ሣሩን የሚቆጥር አልነበረም።

ግድቡ ራሱም ዕድሜው መቆጠር ጀምሯል። በ1957 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ነው፤ ጣና ላይ ከመሰማቱ ከብዙ ዓመት በፊት። ከበቾና ከዙሪያው ደጋ የሚታጠበው አፈርም በየክረምቱ እየገባ በአርባ ዓመት ውስጥ ከሐይቁ መያዣ ሲሦውን ያህል በላው። ክረምት ላይ አዋሽን ከቆቃ በላይ ቆሞ ያየ ሰው የሚያየው የአፈር ቀለም ነው፤ ያ ቀለም ሁሉ የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር።

ጥር 1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአገሪቱ አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ ጭራው አንድ መሥሪያ ቤት ያስተዳድረው የተባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ውሃ ማከፋፈል፣ ፈቃድ መስጠት፣ መሬቱን ማልማት ሥራው ሆነ። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሶግሬያ ከሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ሸለቆውን አጠና። ወንዙ በደንብ መለካትም ጀመረ። መለኪያው ቀላል ነገር ነው። ሆምቦሌ ላይ፣ ውሃው ቆቃ ከመግባቱ በፊት፣ በሴንቲሜትር የተሸነሸነ ሰሌዳ ወንዙ ዳር ቆሟል። አንባቢው የአካባቢው ሰው ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ውሃው የት እንደደረሰ አይቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ባለሙያዎች መጥተው የውሃውን ፍጥነትና ጥልቀት ይለካሉ፤ ይህን ያህል ሴንቲሜትር ማለት በሰከንድ ይህን ያህል ኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው የሚለው ስሌት ከዚያ ይወጣል። ስለ አዋሽ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ፣ በዓመት ወደ 4.9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል የሚለውም ጭምር፣ በመጨረሻ የሚያርፈው ጭቃ ረግጦ ሰሌዳውን ባነበበ ሰው ዓይን ላይ ነው። አንድ ሌሊት ጎርፍ ሰሌዳውን ከወሰደው፣ በዚያ ክረምት ከሁሉ የሚበልጠው ውሃ ሳይመዘገብ ያልፋል።

በዚያው ዘመን ኩባንያዎቹ ቶሎ ቶሎ መጡ። ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቋቁሞ ዱብቲ ላይ ጥጥ ዘራ። ሌላ የስኳር እርሻና ፋብሪካ መተሐራ ላይ ተነሣ፤ በአጠገቡ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። የዚያ ምድር አርብቶ አደሮች የሆኑት ከረዩዎች በአንድ ወገን አገዳ፣ በሌላው የዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ያዘባቸውና መካከል ላይ ቀሩ። አሚባራ፣ መልካ ሰዲና መልካ ወረር ወደ ጥጥ ተለወጡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሸለቆው የለማው መሬት 50,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ጥጥ ነበር። ከሸለቆው ስፋት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የተወሰደው መሬት እዚያው ወንዙ ዳር፣ ሙላቱ የሚያርፍበት፣ በበጋ ሣር የሚገኝበት ነው።

በአውሳ ግን ነገሩ ለየት አለ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ኩባንያው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ሕዝባቸው ራሱ ጥጥ እንዲዘራ ገፋፉ፣ ራሳቸውም ሰፊ እርሻ ነበራቸው። አፋር ቦይ መቅደድና ትራክተር መንዳት ተማረ። ጥቅሙ ለሁሉ እኩል አልደረሰም፤ ከባላባቱ ቤት የራቀው አርቢ ያገኘው ጥቂት ነው። ቢሆንም ወንዙ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሊለማ እንደሚችል ያሳየ ሙከራ ስለነበር በቁም ነገር ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ከ1964 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለው ድርቅ በወሎ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል፤ በአፋር የሆነው ግን እምብዛም አይነገርም። ካርማ ቀረ፣ ሱጉም የሚሉት የበልግ ዝናብም ቀረ። አርቢው ከዳር ሜዳው ተነሥቶ እንደ አባቶቹ ወደ አዋሽ ወረደ። ድሮ ድርቅ በመጣ ቁጥር ያድነው የነበረው ይህ መንገድ ነው። አሁን ግን ሣሩ በነበረበት ቦታ የጥጥ ማሳ፣ የቦይ ዳርና ዘበኛ አገኘ። ወንዙ አልደረቀም፤ ከቆቃ እየተለቀቀ በቦዮቹ ይሄድ ነበር። ከብቶቹ ውሃውን እያዩ አለቁ። ከአፋር ሕዝብ ሩብ ያህሉ በዚያ ድርቅ እንዳለቀ የሚገምቱ ጥናቶች አሉ። ግምቱ ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ የሞቱ ምክንያት ዝናብ መቅረቱ ብቻ አልነበረም።

አብዮቱ ሲመጣ የባለቤት ስም ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ኩባንያዎቹ ተወረሱ፣ ሱልጣኑ ተሰደዱ። ጥጡ ግን ቀጠለ፤ የመንግሥት እርሻ ሆኖ ሰፋ። አሚባራ ላይ ትልቅ የመስኖ ፕሮጀክት ተሠራ፤ ውሃው በብዛት ገባ፣ የሚወጣበት ግን በቂ አልነበረም። መሬት ውስጥ የሰረገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አነሣው፣ ፀሐዩ ሳበው፣ ጨዉ ላይ ቀረ። ማሳው ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ እስኪመስል ድረስ ጨው ወጣ፤ ጥጡ በዚያ ቦታ ቢዘራም አልያዘም። መፋሰሻ ቦይ ሲሠራ ብዙ መሬት አስቀድሞ ተበላሽቶ ነበር።

የበረሃማነት መከላከያ ተብሎ የተተከለው ዛፍም በዚያ ዘመን መጣ። ሳይንሱ ፕሮሶፒስ ይለዋል፤ አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፍሬውን ከብት ይበላዋል፣ ዘሩን ይዞት ይዞራል፣ ጎርፉም ያጥበዋል። ሙላቱ ደለል በሚጥልበት ሜዳ ሁሉ ሣር ይበቅልበት የነበረውን ቦታ ያዘ። እሾሁ የከብቱን ኮቴ ይወጋል፣ ጥቅጥቅ ሲል ሰው አያሳልፍም። ከጥጡ የተረፈውን ጎተራ የወረሰው ይህ ዛፍ ነው።

መተሐራ ደግሞ ውሃው ጠላት ሆነ። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዙሪያው ካለው መስኖ የሚሰርገው ውሃ ሲጨመርበትና ከርሰ ምድሩም ሲያግዘው ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ገፋ፣ ግጦሽና እርሻ ዋጠ። ውሃው ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ አይጠጣም፣ አገዳም አያጠጣም። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ሐይቁን በልክ በልኩ አዋሽ ውስጥ መልቀቅ ነው። አዋሽ ብዙ ሲሆን ያቀጥነዋል፤ አዋሽ ሲያንስ ግን አሚባራና ዱብቲ ያለው ሰው ጣዕሙን ያውቃል። ከላይ ደግሞ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ ሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል።

ደርግ ወድቆ ሱልጣን አሊሚራህ በ1983 ዓ.ም. ሲመለሱ ከጥጡ መሬት የተወሰነው ለአፋር ጎሣዎች ተመለሰ። በ1992 ዓ.ም. የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ወጣ፤ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት እንደሆነ ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለመስኖ ውሃ ገንዘብ የተጠየቀበት ብቸኛ ወንዝ ለዓመታት አዋሽ ነበር፤ ክፍያው ለ1,000 ኪዩቢክ ሜትር 3 ብር። አምስት ሺህ በርሜል ውሃ በሦስት ብር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ውሃ የሚቆጥብ እርሻ አይገኝም፤ የመለኪያ በሩን ጠግኖ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትም በዚህ ገቢ አይቆምም።

ቀጥለው ሁለት ትልልቅ ግድቦች መጡ። ቀሰም ግማሽ ቢሊዮን፣ ተንዳሆ ከ1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ እንዲይዙ ታቅደው ተሠሩ። ተንዳሆ ለ60 ሺህ ሄክታር አገዳ የታሰበ ነው፤ ፋብሪካው በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አገዳው የዚያን ያህል አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም አልደረሰም። ግድቡ ግን የቆመው ከአውሳ በላይ ነው። ቆቃ ሲሠራ ከታች ያሉት ገባሮች፣ ሚሌን የመሳሰሉት፣ የራሳቸውን ሙላት ያመጡ ነበር። ከተንዳሆ በኋላ አሳይታ የሚደርሰው ውሃ አብዛኛው በአንድ በር የሚለቀቅ ሆነ።

በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ከለከለ፤ በ2008 ዓ.ም. የአፋር ከብት በብዛት አለቀ፣ ወንዙም ላይ እርሻው ሁሉ በተራ ውሃ ይሻማ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ተቃራኒው መጣ። የ2012 ክረምት ደጋው ላይ ጠንክሮ ዘነበ። ቆቃ ሞላ፣ ቀሰም ሞላ፣ ተንዳሆም ሞላ። ግድብ ሲሞላ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ መልቀቅ። ነሐሴ ላይ አዋሽ ዳርቻውን ሰብሮ ወጣ፤ በአፋር ከ140 ሺህ በላይ ሰው ተጎዳ፣ አሚባራ ላይ ቤት፣ አሳይታ ላይ ማሳ ውሃ ውስጥ ገባ። ድሮ ሙላት ሲመጣ ሰው ከብቱን ይዞ ከፍ ወዳለው ቦታ ይሄድ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ይመለሳል። አሁን በዚያ ሜዳ ላይ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ የሠራተኛ ሰፈርና ቋሚ እርሻ አለ። የሚሸሽ ሰው ትቶት የሚሄደው ነገር በዝቷል።

ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ማስጠንቀቂያው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል፤ ከቆቃ ግድብ ውሃ ስለሚለቀቅ ከግድቡ በታች ያላችሁ ተጠንቀቁ ይላል። ሆምቦሌ ላይ አንባቢው በ12 ሰዓት ወርዶ ሰሌዳውን ያያል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቆቃ ላይ ያሉት ምን ያህል ይያዝ፣ ምን ያህል ይለቀቅ ብለው ያሰላሉ። ቀድመው ከለቀቁ ለበጋ ያንሳቸዋል፣ ከዘገዩ ግድቡ ራሱ ይለቅባቸዋል። ውሃው ወንጂን አልፎ፣ መተሐራን አልፎ፣ ገደባሳ ረግረግ ውስጥ ተንጣልሎ፣ ገዋኔን ዞሮ አሳይታ ለመድረስ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት አሳይታ ያሉ ሰዎች ጆንያ ውስጥ አፈር እየሞሉ ወንዙ ዳር ይደረድራሉ።